ምልክት ያልተወጋበት ገጽ

አራሚው ዕውር ነው። ይሄን ከመጀመሪያው ልንገራችሁና እንገላገል፤ ምክንያቱም ይሄን ወሬ ሳወራ ሰው ሁሉ መሀል ላይ ያስቆመኝና «ቆይ ቆይ፣ ዕውር እንዴት አድርጎ ነው መጽሐፍ የሚያርመው?» ይለኛል። ያርማል። ማተሚያ ቤቱ የብሬል ማተሚያ ቤት ነዋ! የሚታተመው በጣት የሚነበብ መጽሐፍ ነው፤ ወፍራም ወረቀት ላይ ነጥብ ነጥብ ሆኖ የተነሳ ጽሑፍ። እዛ ቤት መብራት ሲጠፋ እንኳን ሳይደናበር ወደ በሩ የሚሄደው እሱ ብቻ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ጠረጴዛ አለ። በአንድ በኩል አንባቢዋ ተራውን መጽሐፍ ዘርግታ ትቀመጣለች፤ ወጣት ልጅ ናት፣ ድምጿ ጥርት ያለ። በሌላው በኩል አራሚው በብሬል የተጻፈውን ገጽ ይዞ ይቀመጣል። እሷ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሱ በጣቱ ይከተላል። ታዲያ የምታነበው ቃሉን ብቻ አይደለም፤ ምልክቱንም ጭምር ነው። «ሕዝቡም ሁሉ ወጡ ነጠላ ሰረዝ በሰፈሩም ውስጥ አለፉ አራት ነጥብ» እያለች። ጆሮውና ጣቱ ካልተስማሙ ጠረጴዛውን በቡጢ ይመታል። እስከ ታች ድረስ ከተስማሙ የብሬል መውጊያውን ያነሳና ከገጹ ግርጌ የራሱን ምልክት ይወጋል። በሚቀጥለው ክፍል ያለው አታሚ ያቺን ምልክት በጣቱ ዳብሶ ካላገኘ ማሽኑን አያስነሳም።

ይሄ ሥራ አንደበት ላይ ይለጠፋል። አንባቢዋ አንድ ቀን ከእጮኛዋ ጋር በስልክ ስትጨቃጨቅ «እመጣለሁ አልኩህ እኮ ነጠላ ሰረዝ ምን አስቸኮለህ ጥያቄ ምልክት» ብላ ቤቱን በሳቅ ገደለችው።

አራሚው ደግሞ ኩራተኛ ነው። ሃምሳን ያለፈ፣ ቀጭን፣ ቶሎ የሚቆጣ። ጣቶቹን ቅባት ይቀባል፣ ሰው ሲጨብጠው አውራ ጣቱን ብቻ ነው የሚሰጠው። «አምስት ጣት እኩል አይደለም» ይልና ሌባ ጣቱን ያነሳል፤ «ይቺ ለምሳሌ ከእናንተ ሁሉ ትበልጣለች።»

ያን ሰሞን ደግሞ ጭራሽ አልተቻለም። የቤተ ክርስቲያኑ ምእመናን ሽማግሌ አድርገው መርጠውታል። እሁድ እጅ ይጫንበትና በዛው ቀን የጌታን እራት ኅብስት ሳህን ይዞ በየወንበሩ እያለፈ ለሕዝቡ ያቀርባል። ስንት ዘመን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የኖረ ሰው! ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፣ ኮት እየሰፋችለት ነው። ማተሚያ ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ እሁድ፣ እሁድ፣ እሁድ ሆነ።

«ሹመትህን ሰማን እኮ!» ይለዋል አታሚው ከወዲያ ክፍል። «ማሽኑም ሰምቷል!»

እናላችሁ፣ ያን ጊዜ የሚያርሙት መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ከዘፍጥረት ጀምረው ዘሌዋውያን ላይ ደርሰዋል። ሳምንቱ አጋማሽ ላይ ከምሳ መልስ አንባቢዋ ስለ ካህናቱ ታነባለች፤ ማንን ያግቡ፣ ፀጉራቸውን እንዴት ያድርጉ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። እያነበበች ሳለ ዓይኗ ቀድሞ ወደ ታች ወረደ።

እግዚአብሔር ሙሴን ለአሮን ንገረው ይለዋል። ከዘርህ ነውር ያለበት ሰው የአምላኩን መብል ለማቅረብ አይቅረብ። ከዛ ማን ማን እንደሆነ ይዘረዝራል። ዝርዝሩ ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ዕውር ነው።

ልጅቷ አየችው። ከፊቷ ደግሞ ሰውየው ተቀምጧል፣ ጣቱን አሹሎ፣ እሁድን እያሰበ ፈገግ ያለ። አንጀቷ አልቻለም። ትንፋሽ እንኳን ሳትወስድ፦

«አራት ነጥብ። ምዕራፍ ሃያ ሁለት» አለችና ቀጠለች።

እስኪ አስቡት! ገጹ እኮ በእሱ እጅ ነው! ከዛ በኋላ አታሚው ይሄን ባሰበ ቁጥር «ሰውየው ዳቦውን ይዞ አልቋል ልትይው?» እያለ ይስቅባት ነበር። እሷ ግን በዛች ሰዓት እሱ የሚሰማ ሰው ብቻ ነው የመሰላት። የሚያይ ሰው ይሄን ይረሳል።

አራሚው ጠረጴዛውን አልመታም። ጣቱ ቆመ።

«ምን አልሽ?»

«ምዕራፍ ሃያ ሁለት።»

«እዚህ ገና ሃያ አንድ ነው። ጣቴ ስር ግማሽ ገጽ አለ።»

«እ… ሲጽፉት ተሳስተው ይሆናላ።»

«ግማሽ ገጽ ተሳስተው?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው ጋሼ፣ እኔ ጋ ያለው—» አለችና ምላሷን ነከሰች። ከመሐላ ሁሉ ይሄ ይማላል፣ ያውም ለእሱ?

«እሱን ተዪው» አላት፤ «እኔ ሞክሬዋለሁ፣ ምንም ትርፍ የለውም።»

ከዛ ዝም ብሎ በራሱ ማንበብ ጀመረ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ አያወጣም። ከወዲያ የማሽኑ ዱም ዱም ይሰማል። ጣቱ ዝርዝሩ ጋ ደረሰ። መለስ አለ። እንደገና ሄደ። ሁለተኛ መለስ አለና እዛችው ቃል ላይ ቆመ። ከዛ እጁን ከወረቀቱ አነሳና ሱሪው ላይ ጠረገው።

«ለዚህ ነው የዘለልሽው?»

«እሁድ ስለሆነ ነው ጋሼ። ሰሞኑን ባይሆን፣ ሌላ ቀን ቢሆን ብዬ…»

«ገጹን ይዤ! እጄ ላይ እያለ! ይሄ እኮ ዓይን ያወጣ ውሸት ነው!» ድምፁ ከፍ አለ። «እኔ አይደለሁም ዕውሩ፣ አንቺ ነሽ ዕውሯ! ደንቆሮ!»

ልጅቷ ተነስታ እያለቀሰች ወጣች። አታሚው ጩኸቱን ሰምቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ገጹን አነሳ፣ ግርጌውን ዳበሰ።

«ምልክቱስ?»

«አልወጋሁም።»

«ስህተት አለው?»

«አንድ ነጥብ አልጎደለውም።»

«እና ታዲያ?»

«እናማ አልወጋም አልኩህ!»

በትሩን አነሳና የሥራ ሰዓት ሳያልቅ ወደ ቤቱ ሄደ። እሱ! ጉንፋን ይዞት እንኳን ቀርቶ የማያውቅ ሰው።

ሚስቱ ከመስፊያ ማሽኗ ቀና ሳትል ነው በእርምጃው ያወቀችው። በትሩ መሬቱን የሚመታበት አመታት አለ። የቤታቸው የፊተኛው ክፍል የስፌት ቤቷ ነው፤ ጨርቅ በጨርቅ፣ ክር በክር። ኮቱ በሩ ላይ ተሰቅሏል፣ የቀረው አንድ ቁልፍ ነው።

«አሞሃል?»

«እሁድ አልሄድም።»

እግሯን ከማሽኑ ፔዳል አነሳች። ተቀመጠና ነገራት። ስትሰማው ቆይታ፦

«ማን ነው ያለው ታዲያ? ሙሴ ነው?»

«ሙሴማ ቢሆን ምን ቸገረኝ። እሱ ራሱ ነው። ለአሮን ንገረው ብሎ የላከው እሱ ነው።» ጣቶቹን አፍተለተለ። «ሰው ሲሰድበኝ ለምጄዋለሁ። ልጅ ሆኜ እየዘፈኑብኝ ይከተሉኝ ነበር። ቤት ገብቼ ሳለቅስ እናቴ ምን ትለኝ ነበር መሰለሽ? ‹ተዋቸው ልጄ፣ ሰው ነው እንዲህ የሚልህ፣ እግዚአብሔር እንዲህ አይልህም።› ይኸው። ይላል። ዛሬ በጣቴ አነበብኩት።»

ሚስቱ ክር በጥርሷ በጠሰች። ኮቱን ከበሩ አወረደችና ቁልፉን መስፋት ጀመረች።

«አልሄድም እያልኩሽ?»

«አትሂዳ። ቁልፍ የሌለው ኮት ግን ቤቴ ውስጥ አይሰቀልም።» ጥቂት ሰፋችና፦ «አባቴ ምን ብለውህ ነበር?»

«ስለምን?»

«እንዳትጃጃልብኝ። ልታገባኝ ሽማግሌ ስትልክ ምን አሉ?»

አራሚው አፍንጫውን ነፋ። «‹ዕውር ደጄ ድርሽ እንዳይል።›»

«እና አንተ ምን አደረግክ?»

«መጣኋ። በሩ ላይ ቆምኩ።»

«አልተናደድክም?»

«ምን ማለትሽ ነው! ደሜ ነበር የሚፈላው! ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስሰድባቸው ነው የማድረው!»

«ታዲያ ለምን ትመለስ ነበር? ከተማው ሴት ሞልቶ የለ?»

«የት እሄዳለሁ? አንቺ እኮ ከውስጥ ነበርሽ።»

ሚስቱ መርፌዋን ይዛ ቆመች። እሱም የተናገረውን ሰማው መሰለኝ፣ ጭንቅላቱን ወደ መሬት ደፋ።

«አባትሽ ሰው ናቸው» አለ በመጨረሻ፤ «ተሳሳቱ ብዬ አልፋቸዋለሁ። እሱን ምን እለዋለሁ?»

«እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ለምን እንዲህ አለ ብትለኝ አላውቅም። ራሱን ጠይቀው። ግን በሩ ላይ ቆመህ ጠይቅ፤ ከዚህ ስፌት ቤት ሆነህ እኔ ላይ አትጩህ።»

እጁን ሊታጠብ ጓሮ ወጣ። ቧንቧው ተከፍቶ ውሃው ሲወርድ በመሀሉ ድምፁን ሰማችው። ጸሎት ነው ለማለት ያስቸግራል። «ሰምቼሃለሁ» ነው የሚለው። «ደስ አላለኝም። ሰምቼሃለሁ፣ ግን ደስ አላለኝም። እየነገርኩህ ነው።» ከዛ ደግሞ ውሃው ብቻ።

በማግስቱ ሥራ ገባ። አንባቢዋ ቀድማ ተቀምጣለች። እንዳለቀሰች ከአፍንጫዋ ድምፅ አወቀ።

«ትናንት የሰደብኩሽ—»

«ተወው ጋሼ።»

«አልተወውም። ዕውር ነው ያልኩሽ። እኔ! ከሰው ሁሉ እኔ፣ ያችን ቃል አንስቼ ሰው መታሁባት። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እኔም ዘልያለሁ። ገጹን ይዘህ እያለ።» ትንሽ ሳቅ አመለጣት። «ቂል ነኝ።»

«ቂል ነሽ። በይ አሁን አንብቢ። ከዘለልሽበት።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። ከነምልክቱ።»

ጀመረች። ድምጿን ለማስተካከል ጉሮሮዋን ጠረገች። ዝርዝሩ ጋ ስትደርስ «ዕውር» አለችና ቀጥላ «ወይም አንካሳ» ስትል፣ ጡጫው ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

«ነጠላ ሰረዙን ዋጥሽው።»

«ዕውር ነጠላ ሰረዝ» አለች፣ እንባዋ እየመጣ፤ «ወይም አንካሳ ነጠላ ሰረዝ ወይም አፍንጫ ደፍጣጣ ነጠላ ሰረዝ…»

«አፍንጫም አለበት እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ። አታሚው ነው። ማሽኑን አቁሞ በሩ ላይ ተደግፎ ሲሰማ ነበር ለካ። አፍንጫው ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ እናቱም የምትቀልድበት አፍንጫ ነው። በጣቱ ዳሰሰው። «እኔም ውጭ ነኛ! ከጋሼ ጋር ነኝ።»

«ዝም በል!» አለችው አንባቢዋ፤ ግን እሷም ሳቀች፣ አራሚውም ጥርሱ ታየ። ከዛ መዘርዘሩ ቀጠለ፤ እግሩ የተሰበረ፣ እጁ የተሰበረ፣ ጎባጣ፣ ድንክ። እያንዳንዱን በጣቱ እየነካ አለፈው። እየቆየ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ ጠፋ። እንዳይቀርብ ይላል። ደግሞ ይደግመዋል፣ እንዳይቀርብ።

ከዛ አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ። ጠረጴዛውን አልመታም።

«እዚህ ምን ይላል? ያንቺው ላይ?»

«ይብላ ይላል ጋሼ። የአምላኩን መብል፣ ከቅዱሱም እጅግ ከተቀደሰውም ይብላ።»

«ማን?»

«ያው… እሱ ነዋ። ነውር አለበት የተባለው።»

«ትናንት ይሄንንም ዘለሽው ነበር?»

«ሁሉንም ነው የዘለልኩት።»

«አየሽ!» አለ፣ ጣቱን እያወዛወዘባት። «ስድቡን ልትደብቂልኝ ብለሽ ምሳዬን ደበቅሽብኝ!»

አታሚው ከት ብሎ ሳቀ። አንባቢዋ ግን ዓይኗን ወደ ታች ጣል አድርጋ ነበርና «ጋሼ፣ አላለቀም እኮ» አለችው ቀስ ብላ። «ቀጥሎ ነገር ግን ይላል።»

«አውቃለሁ፣ ጣቴ ደርሷል። አንብቢው።»

አነበበችው። ነገር ግን ነውር አለበትና ወደ መጋረጃው አይግባ፣ ወደ መሠዊያውም አይቅረብ። አራት ነጥብ። የቀሩትን ጥቂት ቃላትም ጨረሰች፤ አሁን ምዕራፉ እውነትም አለቀ። አራሚው መውጊያውን አነሳ።

«ገባህ ማለት ነው?» አለ አታሚው።

«ምኑ?»

«ለምን እንዳለው።»

«አልገባኝም። ይብላ ያለውን ለምን አይቅረብ እንዳለው አልገባኝም፣ ያመኛልም። ተነስቼ እንዳልሄድ ግን ከማዕዱ አላስነሳኝም፤ ብላ ብሎኛል።» መውጊያውን ወረቀቱ ላይ አደላደለ። «ደግሞ ይሄ ምልክት ገባኝ ማለት መቼ ሆነና? ያለው ሁሉ አለ፣ ማንም አልጨመረም፣ ማንም አልቀነሰም ማለት ነው። አለ። እንካ።»

ወጋው። አታሚው ገጹን ተቀብሎ ሄደ፣ ማሽኑም ተነሳ።

ቅዳሜ ከሰዓት አራሚውና ሚስቱ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። አዳራሹ ባዶ ነው፣ ወንበሮቹ ተወልውለው የሳሙና ሽታ አለ። ፓስተሩ የአራሚው የዕድሜ እኩያ ነው፣ ወፍራም፣ ደግ፣ ሁሉን ማስደሰት የሚወድ። የአራሚው ሚስት ነገሩን ቀድማ ሹክ ብላው ነበርና ገና ሳይቀመጡ ጀመረ።

«ወንድሜ፣ በዛ ነገር እንዳትጨነቅ። ያ እኮ ያለፈ ሕግ ነው። መጋረጃውም ተቀዷል። ደግሞ አስብ፣ ጌታችን መቅደስ ውስጥ ሳለ ዕውሮችና አንካሶች ወደ እሱ ቀረቡ ይላል። ማን ከለከላቸው?»

«እሱን እወደዋለሁ» አለ አራሚው። «ገና ወደ ማቴዎስ ስንደርስ ሁለቴ አስነብባታለሁ።»

«ይኸው! አለቀ ደቀቀ።» ፓስተሩ እጁን አሻሸ። «እንግዲህ ስለ ነገ ተነጋግረን ነበር፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር። ላንተው ብለን ነው እንግዲህ። መድረኩ ደረጃ አለው፣ ያዳልጣል። ወንበሮቹም ተጠጋግተዋል። ስለዚህ አንተ ፊት ለፊት ታች ትቀመጣለህ፣ እዛው እጅ እንጭንብሃለን። ሳህኑን ከወጣቶቹ አንዱ ይይዝልሃል። ስምህ ያው ይጠራል።»

ሚስቱ ከአራሚው ጎን ሆና እጁ ሲጠነክር ታወቃት።

«ሕጉ አልፏል አልከኝ» አለ፤ «ደረጃው ግን አላለፈም?»

ፓስተሩ ዞሮ ደረጃውን አየ።

«እንዳትቀየመኝ። እግዚአብሔር ፊት ለፊት ነገረኝ። ተናደድኩ፣ ግን ፊት ለፊት ስለሆነ ተናድጄ መመለስ ቻልኩ። እናንተ በጨዋነት ነው የምታስቀሩኝ። ለጨዋነት ምን መልስ ይሰጣል? አመሰግናለሁ ብሎ መቀመጥ ነው።»

«ብትወድቅስ?» አለ ፓስተሩ። የምሩን ነው፤ ድምፁ ውስጥ ፍርሃት አለ። «በሰው ሁሉ ፊት ብትወድቅስ?»

«እወድቃለኋ። አንተ ወድቀህ አታውቅም?»

«ባለፈው ወር ማይክራፎኑን ይዞ» አለች ሚስቱ።

ፓስተሩ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዛ ሆዱ እየተንቀጠቀጠ ሳቀ። እየሳቀም ሄዶ ሳህኑን አመጣ፣ ባዶውን። «በል እሺ። እስክትሰለች እንለማመዳለን።»

ያን ቀን መስኮት ላይ ቆሞ የሚያይ ሰው ቢኖር እብዶች ናቸው ይል ነበር። አራሚው በግራ እጁ ሳህን፣ በቀኙ የወንበር መደገፊያ እየዳበሰ ይሄዳል። ሚስቱ አንዱ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፣ ከባዶ ሳህን ኅብስት ታነሳለች፣ ተነስታ ትሮጥና ወደሚቀጥለው ወንበር ሄዳ ሌላ ሰው ትሆናለች። ፓስተሩም እንደዛው፤ እያለከለከ ከወንበር ወንበር ይዘላል። «አሁን ደግሞ ማን ነህ?» ይለዋል አራሚው። «መዘምራን ነኝ!» ይላል ፓስተሩ። ደረጃውን ወጣ፣ ወረደ፣ ወጣ፣ ወረደ። እግሩ እስኪያውቀው።

እሁድ አዳራሹ ጢም አለ፤ አታሚውም መጥቶ ነበር። እጅ ተጫነበት፣ መድረኩ ላይ። ኮቱ በልኩ ነበር። ፓስተሩ ኅብስቱን ቆርሶ ሳህኑን ሲሰጠው በጆሮው «አይዞህ» አላለውም፤ ተጠንቅቆ ነው ዝም ያለው።

ደረጃውን በደህና ወረደ። የመጀመሪያው ረድፍ በደህና አለፈ፤ ሰዎቹ ሲያነሱ ሳህኑ ትንሽ ትንሽ ይቀላል፣ በዛ ነው የሚያውቀው። ሁለተኛው ረድፍ አለቀ። ከዛ ቀጥሎ አንድ እናት ከመተላለፊያው አጠገብ የልጇን ቦርሳ አስቀምጣ ነበር። ትናንት ቦርሳ አልነበረም። እግሩ ገባበት። አልወደቀም፣ ግን ሳህኑ ዘነበለና ቁራሾቹ መሬት ላይ ተበተኑ።

አንድ ሰው ተንጠራርቶ «ይስጡኝ አባባ፣ እኔ ልያዝልዎ» አለና የሳህኑን ጠርዝ ያዘ። በፍቅር ነው፤ እጁ ለስላሳ ነበር። ፓስተሩ መድረኩ ላይ አንድ እግሩን አንስቶ ነበር፣ መልሶ አስቀመጠው።

አራሚው ሳህኑን አለቀቀም።

«የወደቀውን አንሱልኝ» አለ። ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ግን ከኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ። «ሳህኑን እኔ ነኝ የምይዘው።»

ሰውየው እጁን አነሳና ተንበረከከ። እናትየዋም ተንበረከከች፣ ሌሎችም። ያነሱትን በጨርቅ ጠቅልለው ለብቻ አስቀመጡ። እስኪጨርሱ አራሚው በቆመበት ቆየ። ከዛ የወንበሩን መደገፊያ ፈልጎ አገኘና ሳህኑን ለሚቀጥለው ሰው ዘረጋ። እስከ ኋላ ወንበር ሄደ፤ እሱ ሲቀመጥበት እስከኖረው ድረስ። የተረፈውን ይዞ ተመልሶ ደረጃውን ወጣ፣ አንድ ቁራሽ ለራሱ አነሳና በላ።

ሰኞ ምዕራፍ ሃያ ሁለትን ቀጠሉ። አንባቢዋ ስለ እሁድ ልትጠይቀው ብላ ነበር፣ አታሚው ቀድሞ ሁሉን አወራላት፤ እሷም ቦርሳ ያስቀመጠችውን ሴት እየረገመች፣ አራሚውም «ተያት፣ ልጅ ያላት ናት» እያላት ሥራ ገቡ። ጥሩ ሲሄዱ ቆይተው ስለ መሥዋዕት እንስሳ የሚናገረው ጋ ሲደርሱ ድምጿ ተቋረጠ። ዓይኗ ቀድሞ ወርዶ ነበር።

ጠረጴዛው አልተመታም። ጠበቃት።

«ጋሼ።»

«እ።»

«እዚህም አለ። ግን አሁን ስለ በግና ስለ በሬ ነው። ዕውር እንስሳ አታቅርቡ ይላል።»

አራሚው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ አሰበ።

«በጉም?»

«በጉም።»

«ምስኪን» አለና ጣቱን ወደ መስመሩ መለሰ። «አንብቢ።»